ያልተፈለገ የዕረፍት ቤት ውል የሚፈርስበት መንገድ
ስለ ቀብድ፣ ስለ ማስጠንቀቂያና ስለ ውል መፍረስ ለነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚያሻግረው መንገድ የተጓዘ ሰው፣ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በነበረው ተራራ አፋፍ ላይ ሲደርስ ሐሮ ወንጪን ከእግሩ በታች ተዘርግቶ ያየዋል። በሐይቁ ውስጥ በምትገኘው ደሴት የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በዳርቻውም የአገሩ ሰዎች በማኅበር ሆነው ፈረስና ጀልባ እያከራዩ እንግዳ ያስተናግዳሉ። በ2012 ዓ.ም ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር «ገበታ ለሀገር» በተባለው የልማት ዕቅድ ውስጥ ገባ፤ በ2014 ዓ.ም ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መረጠው። ስሙ የታወቀ የመዝናኛ ስፍራ ባለበት ሁሉ የዕረፍት ቤት ድርሻ ሻጭ ቢመጣ የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ የአምቦ፣ የጉደርና የአካባቢው ነጋዴ እንዲህ ያለው ውል ምን እንደ ሆነ፣ ከተፈረመ በኋላም በምን መንገድ ሊፈርስ እንደሚችል አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቀማል።

ለትምህርቱ እንዲመች የሚከተለው ምሳሌ ይወሰድ። አንድ የአምቦ እህል ነጋዴ አዲስ አበባ በሄደበት በአንድ ሆቴል አዳራሽ ምሳ ይጋበዛል። ከምሳው በኋላ ገና በሐይቅ ዳር ሊሠራ የታቀደ የዕረፍት ቤት ሥዕል ያሳዩታል፤ ከአዳራሹም ሳይወጣ በየዓመቱ የአንድ ሳምንት ማረፊያ ለ20 ዓመት የሚያስገኝለትን ውል በ400,000 ብር ይፈርማል። በዚያው ዕለት 60,000 ብር ከፍሎ ደረሰኝ ይቀበላል፤ የቀረውን በየሦስት ወሩ ሊከፍል ይስማማል። ከዚህም ሌላ በየዓመቱ ለቤቱ ጥገና የሚከፈል ገንዘብ አለ፤ መጠኑን በየጊዜው የሚወስነው ኩባንያው ነው። ነጋዴው ወደ ቤቱ ተመልሶ ነገሩን ለባለቤቱ ሲያጫውታት «ታዲያ መኸር ሲገባ ጤፉን በምን ልትገዛ ነው?» ትለዋለች። ሒሳቡን ሲያሰሉት ለእህል መግዣ የተቀመጠው ገንዘብ በየሦስት ወሩ እየተቀነሰ የሚያልቅ ሆኖ ያገኙታል። ሲነጋ ነጋዴው ውሉን ለመተው ቍርጥ አሳብ አድርጓል።

ይህ ዐይነት ንግድ በውጭ አገር «ታይምሼር» ይባላል። አንዱን ቤት ላንድ ሰው ከመሸጥ ይልቅ የዓመቱን ሳምንታት ከፋፍሎ ለሃምሳ ያህል ሰዎች መሸጥ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በፈረንሳይ አገር በአልፕስ ተራሮች በሚገኙ የበረዶ መንሸራተቻ ስፍራዎች ተጀምሮ ወደ እስፓኝና ወደ አሜሪካ ተስፋፋ። ገዢው ድርሻውን መልሶ ለመሸጥ ቢፈልግ የከፈለውን ያህል የሚሰጠው ሰው አያገኝም ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም በከፈለው ዋጋ ውስጥ የምሳው፣ የአዳራሹና የአሻሻጩ አበል ሁሉ ተጨምሮበታልና ነው። በነጻ የተበላው ምሳ በነጻ አልነበረም።

ወደ ውጭ አገር የተመላለሱ ሰዎች «እንዲህ ያለ ውል በጥቂት ቀን ውስጥ ይመለሳል» ብለው ነጋዴውን ያጽናኑት ይሆናል። እነርሱ በሄዱበት አገር እውነት ነው። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ከፊርማ በኋላ ገዢው አሳቡን እንዲለውጥ ተብሎ የተሰጠ የማሰላሰያ ቀን የለም። በ1952 ዓ.ም ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም ጀምሮ የጸናው ይህ ሕግ፣ በቍጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ሆኖ እንደሚጸና ይደነግጋል። በፈረመ ማግስት የተጸጸተ ሰውና በዓመቱ የተጸጸተ ሰው በዚህ ረገድ አንድ ናቸው፤ ጸጸት ብቻውን ውል አያፈርስም። ነገር ግን ሕጉ ሌሎች በሮችን ትቷል። ነጋዴው የትኛው በር እንደሚከፈትለት የሚያውቀው ወረቀቶቹን በሚገባ ሲያነብ ነው።

በመጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ውሉ አይደለም፤ ደረሰኙ ነው። በደረሰኙና በውሉ ላይ 60,000 ብሩ ምን ተብሎ ተጽፏል? «ቀብድ» ነው ወይስ «ቅድሚያ ክፍያ»? በገበያ ቋንቋ ሁለቱ እንዳንድ ነገር ይነገራሉ፤ በሬ የሚገዛም፣ ቤት የሚከራይም፣ ጆንያ የሚያሠራም ሰው ለሁለቱም «ቀብድ» ይላል። በሕግ ፊት ግን ልዩነታቸው ብዙ ነው። ቀብድ በፍትሐ ብሔር ሕግ ከቍጥር 1883 እስከ 1885 የተጻፈ የራሱ ደንብ አለው። ቀብድ መሰጠቱ ውሉ መደረጉን ያስረዳል፤ ውሉ ሲፈጸምም ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከዋጋው ይታሰባል። ዋናው ነገር ግን ከዚህ የሚቀጥለው ነው። ተዋዋዮቹ በሌላ ዐይነት ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን የሰጠውን ለቆ ውሉን ሊተው ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለውም ወገን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ መልሶ ውሉን ሊተው ይችላል። እንግዲህ ደረሰኙ «ቀብድ» የሚል ከሆነና ውሉ ይህን መብት የሚከለክል ቃል ከሌለበት፣ ነጋዴው 60,000 ብሩን ለቆ ከቀረው 340,000 ብርና ከ20 ዓመት የጥገና ክፍያ ይድናል። ኩባንያው ደግሞ ውሉን ልተው ቢል 120,000 ብር መመለስ ይገባዋል።

ደረሰኙ «ቅድሚያ ክፍያ» ወይም «የመጀመሪያ ክፍያ» የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቅድሚያ ክፍያ ውሉ መፈጸም መጀመሩን የሚያሳይ የዋጋው ክፍል እንጂ የመውጫ ዋጋ አይደለም። ያን የከፈለ ሰው ገንዘቡን ለቆ ልሂድ ቢል እንኳ ኩባንያው «አልፈቅድም፤ የቀረውን ክፈል» ሊለው ይችላል። ከዚህም የተነሣ ደረሰኝ ጻፊው በግድ የለሽነት የጻፋት አንዲት ቃል የብዙ ሺሕ ብር ክርክር ታስከትላለች። ደረሰኙ አንድ፣ ውሉ ሌላ የሚሉ እንደ ሆነ የተዋዋዮቹን አሳብ መርምሮ የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ወረቀቶች ባንድነት ይቀመጡ፤ ኩባንያው «ደረሰኙን አምጣና በሌላ እንለውጥልህ» ቢል ቅጂውን ሳያስቀሩ መስጠት አይገባም።

የቀብድን መብት የያዘ ሰውም ቢሆን መዘግየት አይገባውም። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክፍያ ከከፈለ በኋላ «ቀብዴን ለቅቄ እተዋለሁ» ቢል፣ ውሉን መፈጸም ጀምሮ የመተው መብቱን ትቷል የሚል ክርክር ይነሣበታል። ከሁሉ የሚሻለው የመጀመሪያው የሦስት ወር ክፍያ ቀን ከመድረሱ በፊት ውሉን መተዉን በጽሑፍ ማሳወቅ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የተሸጠው ነገር ምንድር ነው? የሚለው ነው። በአዳራሹ የታደለው በራሪ ወረቀት «የሐይቅ ዳር ባለቤት ይሁኑ» ይላል እንበል፤ ውሉ ግን ገዢውን የሚጠራው «አባል» ብሎ ነው። ይህ መለያየት ሊታለፍ አይገባውም። በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በ1967 ዓ.ም የገጠርና የከተማ መሬት በአዋጅ ከተወረሰ ወዲህ፣ በ1987 ዓ.ም የወጣውም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን አጽንቷል። ስለዚህ ከሐይቅ ዳር መሬት ላይ ሳምንት ቈርጦ በባለቤትነት የሚሸጥ ሰው የሌለውን ይሸጣል፤ ሕገ ወጥ ነገርን የሚመለከት ውልም በፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 1716 መሠረት ፈራሽ ነው። ሊሸጥ የሚችለው በመሬቱ ላይ የቆመው ቤት ወይም በቤቱ የመጠቀም መብት ነው።

በቤት ላይ ባለቤትነትን ወይም የአላባ ጥቅምን የሚሰጥ ውል ከሆነ ደግሞ ቍጥር 1723 በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም በመዝገብ ቍጥር 21448 ይህን ሥርዐት ያላሟላ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል እንደማይጸና ወስኗል። ከዚያ በኋላ በተሰጡ ውሳኔዎች ግን ተዋዋዮቹ መደረጉን ያልካዱትን ውል በምዝገባ ጕድለት ብቻ ላለማፍረስ የሚያዘነብል አተረጓጐም ስለ ተከተለ፣ ይህን በር ተስፋ የሚያደርግ ሰው «ውሉን ፈርሜአለሁ» ብሎ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ከጠበቃ ጋር ቢመክር ይበጀዋል። ከዚህም በላይ ሕጉ በቍጥር 2876 ገና ያልተሠራን ቤት ለመሸጥ የሚደረገውን ውል የሚመለከተው እንደ ሥራ ውል ነው፤ በምሳሌው የተነገረውም ቤት ገና በሥዕል ያለ ስለ ሆነ የምዝገባው በር ላይከፈት ይችላል። ውሉ የማረፊያ አገልግሎት ብቻ የሚሰጥ ከሆነም ምዝገባ አያስፈልገውም። እንዲህ ያለው «አባል» ባለቤት አይደለም፤ ለ20 ዓመት አስቀድሞ የከፈለ የሆቴል እንግዳ ነው፤ ኩባንያው ቢከስር ከሌሎች ባለገንዘቦች ጋር ተሰልፎ ገንዘብ ከሚጠይቅ በቀር ክፍሉን ይዞ ሊቀር አይችልም።

ሦስተኛው በር ፈቃድን የሚመለከት ነው። ሰው በተንኰል ተታልሎ፣ በኀይል ተገድዶ ወይም በመሠረታዊ ስሕተት ላይ ወድቆ የፈረመው ውል እንዲፈርስለት ዳኛን ሊጠይቅ ይችላል። ብዙ ሰው ግን «ዋሽቶኛልና ይፈርስልኛል» ብሎ ይሳሳታል። ሕጉ በቍጥር 1704 የሚፈልገው ተራ ውሸትን አይደለም፤ ገዢው ባይታለል ኖሮ ውሉን የማያደርግበትን የማታለል ሥራ ነው። አሻሻጩ «ከዚህ የበለጠ አየር በዓለም የለም» ቢል ይህ የገበያ ቃል ነው። የሌለውን የግንባታ ፈቃድ እንዳለ አድርጎ ሐሰተኛ ወረቀት ቢያሳይ፣ ወይም የሌላ ሰው የሆነውን ሎጅ አስጐብኝቶ «ይህ የእኛ ነው» ቢል ግን ተንኰል ነው። በመካከል ያለው ውሸት፣ ማለትም ያለ ማታለያ ሥራ በአፍ ብቻ የተነገረው ሐሰት፣ ውልን የሚያፈርሰው በቍጥር 1705 እንደ ተጻፈው በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩ መተማመንና ታማኝነትን የሚጠይቅ ግንኙነት ሲኖር ነው። አሻሻጩ የነጋዴው የክርስትና ልጅ ወይም የዕድር ጸሐፊው ቢሆን ይህ ቍጥር ሊነሣ ይችላል፤ በአዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙ እንደ ሆነ ግን ክርክሩ ከባድ ነው።

ዋጋው ተወደደብኝ ማለትም እንዲሁ ብቻውን አይበቃም። ቍጥር 1710 ውሉ ላንደኛው ወገን እጅግ ያደላ ስለ ሆነ ብቻ እንደማይፈርስ ይናገራል፤ ነገር ግን የሌላውን ችግር፣ የአእምሮ የዋህነት፣ እርጅና ወይም በግልጽ የሚታይ የንግድ ዕውቀት ማነስ መጠቀሚያ አድርጎ የተገኘ ፈቃድ ከሆነ ፍትሕ ሲያስገድድ ሊፈርስ ይችላል። ሃያ ዓመት በእህል ንግድ የቆየ ሰው በዚህ በር ልግባ ቢል ዳኛው ፈገግ ይል ይሆናል። ለአረጋዊት እናቱ ግን በሩ ይከፈት ይሆናል። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ሰዎችንም በሚመለከት ቍጥር 1728 የጣት አሻራቸው በሕግ ሥልጣን ባለው አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ በቀር እንደማያስገድዳቸው መደንገጉን ልጆቻቸው ቢያውቁ መልካም ነው፤ በአዳራሽ ጠረጴዛ ላይ በቀለም የተደረገ አሻራ ይህን አያሟላም።

በዚህ በር የሚገባ ሰው ጊዜውን መቍጠር አለበት። በፈቃድ ጕድለት ውል ይፍረስልኝ የሚል ክስ፣ በቍጥር 1810 መሠረት ውሉን ለማፍረስ ምክንያት የሆነው ነገር ከቀረበት ጊዜ አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ በቍጥር 1710 ለተነገረው ውል ግን 2 ዓመቱ የሚቈጠረው ውሉ ከተደረገበት ቀን ነው። ተንኰሉን ካወቀ በኋላ ደግሞ ክፍያውን እየቀጠለ ዝም ያለ ሰው ውሉን ወዶ እንዳጸናው ሊቈጠርበት ይችላል።

አራተኛው በር ኩባንያው ራሱ ግዴታውን ሳይፈጽም ሲቀር የሚከፈተው ነው፤ በተግባር ብዙ ጊዜ የሚያገለግለውም ይህ ነው። ቤቱ በተባለው ቀን ያልተሠራ፣ ወይም ሳምንቱ ሲደርስ ክፍል የለም የተባለ እንደ ሆነ ገዢው ክፍያውን አቋርጦ ዝም ብሎ እንዳይቀመጥ መጠንቀቅ አለበት። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው እርሱ ራሱ ውል አፍራሽ ሆኖ ይከሰሳል። ሕጉ በቍጥር 1772 አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል፤ በማስጠንቀቂያውም ውስጥ ተገቢ የሆነ የመጨረሻ ጊዜ ሊወሰን ይችላል። ያ ጊዜ ካለፈና ግዴታው ካልተፈጸመ ገዢው ውሉ እንዲሰረዝ ለማድረግ መሠረት ያገኛል። ዳኛውም ቢሆን ውልን በትንሽ ጕድለት አይሰርዝም፤ በቍጥር 1785 የሚመለከተው የውሉ መሠረታዊ ቃል መጣሱን ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ቀዝቃዛ ሆነ ማለት መሠረታዊ አይደለም፤ ቤቱ አለመኖሩ ግን ነው።

የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ረዥም መሆን አያስፈልገውም። ስድብና ምሬት ባይገባበት ይመረጣል፤ ዳኛ ያነበዋልና። በሚከተለው ዐይነት ቢጻፍ ይበቃል፦

«ለ… ኩባንያ። በ… ቀን በ… ዓ.ም በተፈራረምነው ውል አንቀጽ … መሠረት የማረፊያው ቤት እስከ … ቀን ድረስ ተሠርቶ ሊቀርብልኝ ይገባ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ አልቀረበልኝም። በደረሰኝ ቍጥር … ብር … መክፈሌ ይታወቃል። ይህ ማስጠንቀቂያ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ… ቀን ውስጥ ግዴታችሁን እንድትፈጽሙ እያስጠነቀቅሁ፣ ይህ ባይሆን ውሉን የምሰርዝና የከፈልኩት ገንዘብ ከነኪሣራው እንዲመለስልኝ በሕግ የምጠይቅ መሆኔን አስታውቃለሁ። ፊርማና ቀን።»

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንደኛው ለኩባንያው መዝገብ ቤት ይሰጣል፤ በሁለተኛው ላይ የተቀበለው ሰው ስሙን፣ ቀኑንና ማኅተሙን እንዲያኖርበት ይደረጋል። አልቀበልም ያለ እንደ ሆነ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ መላክና የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ማስቀመጥ ነው። በስልክ የተነገረ ማስጠንቀቂያ በክርክር ቀን ማስረጃው ይጠፋል። ገዢው በውጭ አገር ሆኖ በወኪል የፈረመ ከሆነ ደግሞ ወኪሉ ደብዳቤ ለመስጠትና ለመክሰስ የሚያስችል ውክልና እንዳለው አስቀድሞ ይመርምር፤ ለመግዛት የተሰጠ ውክልና ለመካሰስ ላይበቃ ይችላል።

በውሉ መጨረሻ አካባቢ፣ ዐይን ሲደክም በሚደረስበት ገጽ ላይ፣ «ገዢው ውሉን ቢያቋርጥ ከከፈለው ላይ ይህን ያህል በመቶ ይቀነሳል» የሚል ቃል ሊገኝ ይችላል። ይህ በሕግ መቀጫ ይባላል። ብዙ ሰው «ዳኛ ይቀንስልኛል» ብሎ ይተማመናል፤ ሕጉ ግን ከቍጥር 1889 ጀምሮ እንደ ተጻፈው ተዋዋዮች ኪሣራውን አስቀድመው ሊወስኑ እንደሚችሉ፣ ዳኛም ውሉ በከፊል የተፈጸመ ካልሆነ በቀር መቀጫውን እንደማይቀንስ ይናገራል። በሌላ በኩል ግን እንዲህ ያለው ቃል ለገዢው መልካም የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ገዢው እየተቀነሰበት ሊወጣ እንደሚችል ኩባንያው ራሱ የተስማማበት ቃል ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ቃሉ «ቢያቋርጥ ይቀጣል» ነው ወይስ «ማቋረጥ ይችላል፤ ሲያቋርጥም ይቀነስበታል» ነው የሚለው ተለይቶ ይነበብ።

ውል መሰረዝ አንድ ነገር ነው፤ ገንዘብ መልሶ ማግኘት ሌላ ነው። ውል ሲፈርስ ወይም ሲሰረዝ ሁለቱም ወገኖች ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው እንዲመለሱ ሕጉ በቍጥር 1815 ያዛል፤ ነገር ግን ባዶ ካዝና ላይ የተሰጠ ፍርድ አይበላም። በአዲስ አበባ በአክሰስ ሪል እስቴት ጕዳይ ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች ለቤት መግዣ ከፍለው ቤታቸውን ሳይረከቡ ብዙ ዓመታት መቈየታቸው፣ ነገሩም የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት እስከ መጠየቅ መድረሱ የሚታወስ ነው። ገዢዎቹ ውል ነበራቸው፤ መብትም ነበራቸው። ከዚህ የተነሣ ገና ባልተሠራ ቤት ላይ ገንዘቡን ያኖረ ነጋዴ፣ ኩባንያው እየደከመ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ባየ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ በስምምነት ለመውጣት ቢሞክር ይሻለዋል። ከ60,000 ብሩ 40,000 ዛሬ በእጅ ማግኘት፣ ከሦስት ዓመት ክርክር በኋላ በፍርድ ወረቀት ከሚገኝ 60,000 ብር ሊበልጥ ይችላል። ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን፤ «ከእንግዲህ ወዲህ አንዱ ካንዱ የሚጠይቀው ነገር የለም» የሚለው ቃል አይቅር፤ ይህ ካልተጻፈ የጥገናው ክፍያ በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል።

በውጭ አገር የሚኖሩ የምዕራብ ሸዋ ልጆች ነገር ደግሞ በሌላ ሕግ የሚታይ ነው። በአሜሪካ እያንዳንዱ ክፍለ አገር የራሱ የማሰላሰያ ቀን አለው፤ በፍሎሪዳ 10 ቀን፣ በኔቫዳ 5 ቀን ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው መመሪያ 10 ቀን የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው መመሪያ 14 ቀን ሆኗል፤ በእነዚያም ቀኖች ውስጥ ሻጩ ቅድሚያ ገንዘብ እንዳይቀበል ተከልክሏል። ለመውጣት ምክንያት ማቅረብ አያስፈልግም፤ በተወሰነው ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማስታወቅ ይበቃል። በኦርላንዶ ወይም በላስ ቬጋስ ለዕረፍት ሄዶ የፈረመ ሰው ግን ዕረፍቱን ጨርሶ፣ ወደ ቤቱ ተመልሶ፣ ወረቀቱን በሰንበት ሊያነበው ሲያስብ ቀኑ ያልፍበታል። ስለዚህ ደብዳቤውን ከዚያው ካረፈበት ሆቴል ጽፎ፣ ውሉ በሚያዘው አድራሻ፣ ፖስታ ቤቱ ቀን በመታበት ደረሰኝ መላክ ይገባዋል። ለሻጩ ስልክ ደውሎ «ሐሳቤን ለውጫለሁ» ማለት ሌላ የሚያባብል ሰው ወደ ስልኩ ከመጥራት በቀር ጥቅም የለውም።

ቀኑ ያለፈበት ሰው ወደ ሌላ ወጥመድ እንዳይገባም መጠንቀቅ አለበት። በአሜሪካ «ከታይምሼር እናወጣችኋለን» እያሉ አስቀድሞ ብዙ ሺሕ ዶላር የሚቀበሉና ምንም የማይሠሩ ድርጅቶች በመብዛታቸው የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ሕዝቡን ደጋግሞ አስጠንቅቋል። በአገራችንም «ድርሻህን የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ፤ መጀመሪያ የማስተላለፊያውን ክፈል» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ወይም «ሁለት ሰው ብታመጣ ያንተ ዕዳ ይሰረዛል» የሚል ቢነሣ መልሱ አንድ ነው። ሁለተኛው እንዲያውም የባሰ ነው፤ ሰው በሰው ላይ እየደረበ የሚሄደው የፒራሚድ ሽያጭ በ2002 እና በ2006 ዓ.ም በወጡት የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጆች የተከለከለ ተግባር ስለ ሆነ፣ ከውል ለመውጣት የፈለገው ሰው ወንጀል ውስጥ ሊገባ ይችላል።

በምሳሌው ወደ ተነገረው ነጋዴ ስንመለስ፣ ደረሰኙ «ቀብድ» ይላል፤ ውሉም የመተው መብትን አልከለከለም እንበል። የመጀመሪያው የሦስት ወር ክፍያ ሊደርስ 19 ቀን ቀርቶታል። ውሉን መተዉንና ቀብዱን መልቀቁን በሁለት ቅጂ ጽፎ፣ አንዱን በኩባንያው መዝገብ ቤት አስመዝግቦ፣ ማኅተም ያረፈበትን ሁለተኛውን ከደረሰኙ ጋር ያስቀምጣል። 60,000 ብሩ ሄዷል። የቀረው ገንዘብ ግን መኸር ሲገባ ለጤፍ መግዣ ይደርስለታል።